ሰባት ኪሎ ሜትር ከልጄ አማቶች ጋር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሦስት የላይ፣ አንድ የታች ሰው ሠራሽ ጥርስ። የታችኛው ተመልሶ የመጣ ነው። «ስናገር ይዘላል» ብለዋል ባለቤቱ፣ አንድ አዛውንት። ጥርሱ ምንም አልሆነም፤ የሟሸሸው ድዳቸው ነው… ይህን ለሰው እንዴት ይነግሩታል? ጀሶ በጠበጥኩ፣ ሰም አቀለጥኩ፣ ስሞርድ ዋልኩ። አጠገቤ ሸክላዋ ስለ ባሏ ማንኮራፋት ስታወራኝ ዋለች። (ሸክላዋ ያልኳት የሸክላ ጥርስ ስለምትሠራ ነው። በስሟ ከጠራኋት ዓመታት አለፉ።)

ከምሳ በኋላ ልጄ ደወለች።

«እማ፣ የሱ ቤተሰቦች ሊተዋወቁሽ ይፈልጋሉ። ወሩ ሳያልቅ።»

«በደስታ!»

«እናቱ ቤትሽ እንምጣ እያሉ ነው።»

ቤቴ… ጠባብ ጠረጴዛ፣ ብርጭቆ፣ ሳህን፣ በዚህም በዚያም የሚተላለፍ እጅ። ባለፈው ወር ጓደኞቿን ይዛ የመጣች ጊዜ የውሃውን ጆግ ከነውሃው መሬት አላወረድኩትም? ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። «እናቴ ቤት ብርጭቆ አያረጅም!»

«ቤት ውስጥ ምን አሳፈነን?» አልኳት። «ከከተማ ወጣ እንበል። ያንን ጥንታዊ ደን በእግር አቋርጠን በአበባ መናፈሻው በኩል እንወጣለን። መንገዱን አብጠርጥሬ ነው የማውቀው። ዕቅዱን ለኔ ተዉት።»

«አንቺ? በእግር?» ሳቀች። ግን ደስ ብሏታል፣ ከድምጿ ያስታውቃል።

አብጠርጥሬ! አንዴ ነው የሄድኩት፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከትምህርት ቤት ጋር። የማስታውሰው አውቶቡስ ውስጥ ማስታወኬን ብቻ ነው። ለምንድነው አፌ ከኔ የሚቀድመው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ጠብታ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ጠርሙሷ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከእንቁላሉ ጀርባ። ልጄ እስካሁን አላየቻትም።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ በቅጡ ጽፌው አላውቅም። ይጻፍ እንግዲህ። መጋቢት ላይ ሐኪሟ «የዓይን ግፊት ነው» አለችኝ። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ያቆያል። ፊት ለፊቴ ያለውን ጥርት አድርጌ አያለሁ፣ ሥራዬንም የምሠራው በዚያ ነው። የሄደው የጎን የጎኑ ነው። በተለይ ግራው። ሰው በዚያ በኩል ሲመጣብኝ ከመሬት የበቀለ ነው የሚመስለኝ።

ለምን አልነገርኳትም? እሷና ረዥሙ (እጮኛዋ ነው፤ በር ሲገባ አንገቱን ይደፋል) ከባሕሩ አጠገብ ባለች ሩቅ ከተማ የሁለት ዓመት ሥራ አግኝተዋል። የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ። እስከ ጥቅምት 30 ውሉን መፈረም አለባት። አባቷ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከዚህ ከተማ ወጥታ ከኔ ርቃ ኖራ አታውቅም። ይህን ከሰማች አትሄድም። አውቃታለሁ።

ትፈርም ብቻ። ከዚያ እነግራታለሁ… እነግራታለሁ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

የደኑን ካርታ ከኢንተርኔት አትሜ አመጣሁ። አራት ገጽ። በፕላስተር አገጣጥሜ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አውቶቡስ በሁለት ተኩል፤ አራት ሰዓት ላይ እንደርሳለን። ከመግቢያው እስከ እንጨት ድልድዩ ሁለት ኪሎ ሜትር። ከድልድዩ እስከ መናፈሻው የድንጋይ በር ሦስት ተኩል፣ ዳገት አለው። መናፈሻው ውስጥ አንድ ተኩል። ሰባት። መናፈሻው አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። የመጨረሻው አውቶቡስ አሥራ አንድ ተኩል።

መናፈሻው ቢሮ ደወልኩ። አንድ ወንድ አነሣ።

«ደኑ ውስጥ ያለው መንገድ ደልዳላ ነው?»

«ደን እኮ ነው፣ እናቴ።»

«ማለቴ… የዛፍ ሥር፣ ድንጋይ፣ ደረጃ ምናምን?»

«ሥርም አለ፣ ድንጋይም አለ፣ ደረጃም አለ። ዛፎቹ ስድስት መቶ ዓመት ቆመዋል፤ አሁን ተነሥተን መንገድ ልቀቁ አንላቸውም።»

«ይጨልማል ውስጡ?»

«ጥላ ነው» አለኝ፣ እንደ ማባበል።

ጥላ! ከብርሃን ወደ ጥላ ስገባ ነው እኮ ጭራሹን የማይታየኝ። ስልኩን ዘጋሁ። ቤቱን ዞርኩ። ተቀመጥኩ። እንደገና ተነሣሁ። ዕቅዱን ልቀይረው? ምን ብዬ? ካርታውን አጠፍኩት፣ ዘረጋሁት…

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

የረዥሙ እናት ራሳቸው ደወሉ። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው። ስልክ ላይ እንኳ ቀጥ ብዬ ቆሜ ነው ያዋራኋቸው።

«ዕቅዱ በጽሑፍ ይደርሰኛል?»

«እልክልዎታለሁ።»

«ከነደቂቃው ቢሆን ደስ ይለኛል። ዕረፍት ስንት ጊዜ ነው?»

«ሁለት…»

«ሦስት ያድርጉት። ባለቤቴን ገና አላወቁትም። አርባ ዓመት ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ደረጃ ሲያይ እንደተሰደበ ይቆጥረዋል።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባለፈው ዓመት ልቡን ታሞብኝ ነበር። አሁን ደህና ነው። በየሦስት ወሩ ክትትል አለው፤ ባለፈው ሳምንትም ሄዶ ታይቶ ምንም የለብህም ብለውታል። ቢሆንም… ሦስት ዕረፍት።»

ሦስት ብዬ ጻፍኩ። እኔም አልጠላሁት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ያለቀለት ሥራ፣ ተወልውሎ ባለቤቱን የሚጠብቅ፣ በክርኔ ገፍቼ ጣልኩት። ለሁለት ተሰነጠቀ። ከግራዬ ተቀምጦ ነበር… ማን አስቀመጠው? እኔው ራሴ።

ሸክላዋ ከመሬት አነሣችው። ስንጥቁን መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር።

«ይሄ ስንተኛሽ ነው?»

«ድካም ነው።»

«ዓይንሽን ታይተሻል?»

«አንቺ ደግሞ! መነጽሩ ነው፣ ልቀይረው ነው።»

ወደ ጠረጴዛዋ ዞረች። የሷ ዝምታ ከማንኮራፋቱ ወሬ ባሰብኝ። እስክንወጣ ድረስ ግራ ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ ሠራሁ፣ ክንፏን እንደተመታች ዶሮ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ወሰንኩ። እሑድ ብቻዬን ሄጄ አጠናዋለሁ። እያንዳንዱን ሥር፣ እያንዳንዱን ደረጃ። ጉዞው የዛሬ አሥር ቀን ነው። ያን ዕለት እንደ ገዛ ሳሎኔ እራመድበታለሁ፤ ማንም ምንም አያውቅብኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ጉልበቴ ተልጧል። ሱሪዬም ተቀዷል። ከየት ልጀምር…

ደኑ አፍ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። ስገልጥ ቀስ በቀስ መጣልኝ፦ መጀመሪያ ግንዶቹ፣ ከዚያ ቅጠሉ፣ ከዚያ መንገዱ። ምን ዓይነት ዛፎች ናቸው! አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አንዱን አያቅፈውም። ቅርፊታቸው ውስጥ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። እርጥብ እንጨት ይሸታል። እርምጃ እየቆጠርኩ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፦ ወፍራም ሥር፣ ቀኝ ይዞ ማለፍ። አራት መቶ ሰባ፦ የወደቀ ግንድ… አንድ ቦታ ላይ ቀና ብዬ ሳይ ብርሃኑ በቅርንጫፎቹ መሐል ሲወርድ አየሁና ቁጥሩ ጠፋብኝ። ቆሜ አየሁ። እግሬን ሳልጠብቅ ቆሜ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ድልድዩን ተሻገርኩ። ከድልድዩ በኋላ አሥራ አንድ የድንጋይ ደረጃ አለ፣ መደገፊያ የለውም። ዘጠነኛው ላይ ግራ እግሬ ባዶ ረገጠ። ወደቅኩ።

«አይነሡ! ቀስ ይበሉ፣ ቀስ…»

ከላይ፣ ግንድ ላይ አንድ ደልደል ያሉ ሽማግሌ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል። ሊያነሡኝ ወረዱ። እኔ ነኝ የወደቅኩት፣ የሚያለከልኩት ግን እሳቸው። ሲያነሡኝ ያን ቅንድብ፣ ያን አፍንጫ አየሁ። የረዥሙ ቅንድብ፣ የረዥሙ አፍንጫ። በእጃቸው የታጠፈ ወረቀት ይዘዋል። «4፡00 መድረስ። 4፡45 ዕረፍት አንድ…» የኔ ዕቅድ! ለርዕሰ መምህርቷ የላክሁት፣ ከነደቂቃው!

ወረቀቱን አየሁ። ማየቴን አዩ።

«የልጅቷ እናት?»

«ባለ ሊፍቱ?» አፌ አመለጠኝ።

ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ። ሳሉ እስኪለቃቸው ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«መንገዱን አብጠርጥረው ያውቁታል ሲሉኝ ነበር» አሉ።

«እርስዎም ታይተው ምንም የለብዎትም ሲሉኝ ነበር።»

ጫማቸውን ሲያጠልቁ ቆዩ።

«ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄጃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እዚያ ቆምኩ። ጋዜጣ ገዛሁና ተመለስኩ። ያለፈውንም እንደዚሁ። ሚስቴ ዛሬ ጓደኛዬ ቤት ያለሁ ነው የሚመስላት።»

«ለምን?»

«ያስተኙኛላ! ተኝቼ ልጄ ጥሎኝ ይሄዳል? ሠርጉ ይለፍ፣ ይሂዱ… ከዚያ እታያለሁ። የሚመጣው እሑድ ልጄ ፊት እንዳልዋረድ ነው ዛሬ መጥቼ የሞከርኩት።»

ሠርጉ ይለፍ፣ ይሂዱ፣ ከዚያ… የራሴን ቃል ከሰው አፍ ስሰማው ደነገጥኩ።

«ደረትዎን ያምዎታል?»

«ዳገት ላይ ብቻ። እዚህ ጋ እንደ ገመድ ይጠብቀኛል። እርስዎስ? ያ ደረጃ እኮ ፊት ለፊትዎ ነበር፣ እህቴ።»

ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው። «ጎን ጎኑን አላይም። ልጄ አታውቅም።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆኖ አለቀ። ሰባት ወር የተሸከምኩት።

«እንግዲያው እኔ አላየሁዎትም፣ እርስዎም አላዩኝም። ቃል?»

«ቃል» አልኩ። እጅ ለእጅ ተጨባበጥን።

አብረን ወጣን። ዳገቱ ላይ አሥራ አራት ጊዜ ቆሙ። በየቆሙበት ስለ ዛፉ አንድ ነገር ይላሉ፣ ለማየት የቆሙ እንዲመስል። የድንጋይ በሩን ስናልፍ መናፈሻው ወለል አለ፦ በመቀስ የተከረከሙ ቁጥቋጦዎች፣ ክብ፣ ሾጣጣ፣ አንዱ እንደ ወፍ። ነጭ ጠጠር። ኩሬው ላይ ሐምራዊ አበባ ተንሳፍፏል። አግዳሚ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ።

«አያምርም?» አሉኝ።

እኔ የማየው ከንፈራቸውን ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰው ድድ ቀለም ስመርጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ቀላ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ ቡናማ የሚያደላው… ናሙናዎቹን ዛሬ አውጥቼ አንድ በአንድ አየኋቸው። የትላንቱ ቀለም የለበትም። ማንም ለሕያው ሰው ሰማያዊ አያዝም።

ሸክላዋ «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። ምንም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ቃል ሰጥቻለሁ። ስልኩን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ። አነሣሁ… እኔን ቢያጋልጡኝስ? ቢያጋልጡኝ ልጄ አትፈርምም። ግን እሑድ ያን ዳገት ይወጡታል፤ ልጃቸው እያየ ደግሞ ለማረፍ አይቆሙም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ደወልኩ። በምሳ ሰዓት፣ ከመሥሪያ ቤታችን ጓሮ፣ የጀሶ ከረጢቶቹ ላይ ተቀምጬ።

«እሑድ ዕለት ባለቤትዎን ደኑ ውስጥ አግኝቻቸው ነበር» አልኩ።

አቋረጡኝ ርዕሰ መምህርቷ። «እሑድ ጓደኛው ቤት ነበር።»

«አልነበሩም። ክትትላቸውንም አልሄዱም። ሁለት ጊዜ ቀርተዋል። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል… እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ይውሰዷቸው። ዛሬውኑ ይውሰዷቸው።»

የሚተነፍሱት ይሰማኛል። ከዚያ፦

«እርስዎ እዚያ ምን ይሠሩ ነበር?»

«መንገዱን… አንዴ ልየው ብዬ ነው።»

የሰውየውን ገመና ሙሉውን አወጣሁት፣ የራሴን ጋረድኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ትናንት አስተኝተዋቸዋል። ሁለት የልብ ደም ሥር ሊደፈን ምንም አልቀረውም ነበር፤ ያንኑ ዕለት ከፈቱላቸው። ልጄ በስልክ እያለቀሰች ነገረችኝ። ከሥራ በቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ።

ኮሪደሩ ላይ ርዕሰ መምህርቷ ብቻቸውን ቆመዋል። ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰውታል። አቀፉኝ፤ ተገናኝተን እንኳ አናውቅም ነበር እኮ።

«አንቺ ነሽ ያተረፍሽልኝ» አሉ። አንቺ አሉኝ።

ገባሁ። ረዥሙ ከወንበሩ ተነሣልኝ። ልጄ ከኋላዬ ነች። ሰውየው አዩኝ። ፊታቸው ቀልቷል፣ ከንፈራቸው የሰው ከንፈር ሆኗል። «እንኳን ለዚህ አበቃዎት» አልኩ።

«እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«የምን ቃል?» አለች ልጄ።

«ምንም» አልኩ። ስወጣ ትከሻዬ ከበሩ መቃን ጋር ተላተመ።

ርዕሰ መምህርቷ ተከትለውኝ ወጡ። «ተናዶብሻል። ይናደድ! ሬሳ አይናደድም።»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ልጄ እንዲህ አለችኝ፦ ትናንት ርዕሰ መምህርቷ ባለቤታቸውን ደጋግመው ጠየቋቸው አሉ። «እዚያ ደን ውስጥ እሷ ምን ትሠራ ነበር? ደግሞ ጉልበቷ ለምን ተላጠ?» «እሷን ጠይቂያት» ብቻ ነው መልሳቸው። እንዲያ ተናደውብኝ እንኳ አላጋለጡኝም።

ቢያጋልጡኝ ይቀለኝ ነበር። ወይኔ፣ ምነው ባጋለጡኝ!

የነገው ጉዞ ቀርቷል ብዬ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ እንቢ አሉ። «ዕቅድ ወጥቷል። እናንተ ሁለታችሁ ሂዱ፤ ልጅቷም ሦስት ቀን ሆስፒታል ውስጥ ነው የከረመችው፣ አየር ትቀበል።» ረዥሙ ከአባቱ ጋር ይቆያል። ሁለታችን ብቻ… እሷና እኔ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

አልሸሽግም፣ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አውቶቡስ ውስጥ ስለ ሠርጉ አወራችኝ። ደን ውስጥ ገባን። «እንዴት ያምራል!» ትላለች፣ ወደፊት ትሮጣለች፣ ግንዶቹን በመዳፏ መታ መታ ታደርጋለች። እኔ በልቤ እቆጥራለሁ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ቀኝ ይዞ ማለፍ። ድልድዩን በሰላም ተሻገርን። አሥራ አንዱን ደረጃ እንደ ወጣት ወጣኋቸው። ኮራሁ። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ የተነሣሁት ሴትዮ ኮራሁ!

ላይ ስንደርስ ቆመች። ውሃ የምትጠጣ መስሎኝ ወደፊት እያየሁ ጠበቅኩ።

«እማ።»

«ወዬ።»

«ብርቱካን እኮ እየሰጠሁሽ ነው።»

ዞርኩ። እጇ ተዘርግቷል፣ ከግራዬ፣ ከትከሻዬ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። የተላጠ ብርቱካን። ስንት ጊዜ ዘርግታ ቆይታለች? ልቀበላት ስል እጇን መለሰችው። ከዚያ ባዶ እጇን ቀስ ብላ ከኋላዬ ወደ ፊቴ አመጣችው።

«አሁን ይታይሻል?»

«የቱ?»

«አሁንስ?»

«አሁን አየሁት።»

እጇ አፍንጫዬ ጋ ደርሶ ነበር።

ነገርኳት። ጠብታውን፣ ሐኪሟን፣ ሁሉንም። «መቼ?» አለች። «መጋቢት።» በጣቷ ቆጠረች። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት… መስከረም ላይ ስትደርስ ሰባት ጣቷ ተዘርግቷል።

«ያ ጆግ የወደቀ ቀን» አለች። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ጓደኞቼ ፊት ስስቅብሽ፣ አንቺም ከኛ ጋር አብረሽ ሳቅሽ።»

ብርቱካኑን ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ትታኝ። ሃያ እርምጃ ያህል ሄዳ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ቆማ ጠበቀችኝ። ስደርስባት እንደገና ሃያ እርምጃ። እጄን አልያዘችም። ግን ሥር ያለበት ቦታ ሁሉ ላይ ቆማ ነበር የምትጠብቀኝ።

መናፈሻው ውስጥ አንድ ወንበር ላይ፣ እሷ በዚያ ጫፍ እኔ በዚህ ጫፍ። ኩሬው አጠገብ ሰዎች ፎቶ ይነሣሉ።

«አልፈርምም» አለች።

«ይኸው! ይህን ነው የፈራሁት! ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ!» ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ሰው ዞሮ አየን።

«የሰውየውን ሕመም ለሚስታቸው ስትነግሪ አልፈራሽም። ቃል ሰጥተሻቸው! ማወቅ አለባቸው አልሽ። ትክክል ነሽ። እኔስ? እኔ ምንሽ ነኝ?»

አሁን ስጽፈው ይታየኛል፦ እሷ የምትሠዋውን ነገር እኔው ወስኜ እኔው ከለከልኳት፣ አንዴም ሳልጠይቃት። ደግ የሆንኩ መስሎኝ።

አንድ አትክልተኛ መዝጊያ ሰዓት ደርሷል ብሎ ፊሽካ ነፋ። በአውቶቡስ ስንመለስ ዓይኗን ጨፍና ነበር። እንዳልተኛች አውቃለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

አልደወለችም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

አልደወለችም። ቤት ውስጥ ካንዱ ጥግ ወደ ሌላው ስመላለስ መሸ።

ለሸክላዋ ነገርኳት። «ይኼው ነው?» አለችኝ። «ሁለት ወር ሙሉ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ተደብቀሽ የምትጠጪ መስሎት ነበር እኮ!» ስስቅ እንባዬ መጣ። አለቃችን ጋ ይዛኝ ገባች። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬን ገፍተው ግድግዳው ጋ አስጠጉልኝ፣ ግድግዳው በግራዬ። አሁን ከዚያ በኩል የሚመጣብኝ የለም። እንዲህ ቀላል ነበር ለካ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ልጄ። ሰላም አላለችኝም። «ቀጠሮሽ በአራት ሰዓት ነው፣ ደውዬ አስይዤአለሁ» አለች።

ሐኪሟ የዕይታ ምርመራውን ወረቀት አሳየቻት። ነጭ ክብ፣ ግራው ጥቁር። ልጄ ጥቁሩን በጣቷ ጫፍ ነካችው፣ እንደሚያቃጥል ነገር።

«ትታወራለች?»

«ጠብታውን ካላቋረጡ አብዛኛው ይቆያል ብዬ አስባለሁ» አለች ሐኪሟ። «ዋስትና ልሰጥሽ ግን አልችልም።»

ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጥን።

«ብሄድ፣ ቢብስብሽ ትነግሪኛለሽ?»

«እነግርሻለሁ።»

«አላምንሽም።»

«እውነትሽን ነው» አልኩ። ተመልሰን ገባን። ሐኪሟ ከዛሬ ጀምሮ ውጤቴን በቀጥታ ለልጄ እንድትልክ ፈረምኩ። ልጄ ፊርማዬን ሁለቴ አየችው። ከዚያ ቦርሳዬን ተቀብላኝ ወጣን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ፈረመች። ረዥሙ ነው የደወለልኝ፤ «እያለቀሰች ነው የፈረመችው» አለ። ለሠርጉ አምስት ሳምንት፣ ከዚያ ይሄዳሉ።

የፈለግሁት ይህንኑ አልነበረም? ታዲያ ለምንድነው አንዱን ሳህን ሦስቴ ያጠብኩት?

እሑድ፣ ኅዳር 29

ዛሬ አምስታችንም ሄድን። ሰውየው ዳገት ስላልተፈቀደላቸው ርዕሰ መምህርቷ አዲስ ዕቅድ አወጡ፦ በመኪና መናፈሻው ድረስ፣ ከዚያ በድንጋይ በሩ በኩል ደኑ ውስጥ ትንሽ ገባ ብሎ መመለስ። አራት ዕረፍት።

ባለ ሊፍቱ ካነጋገሩኝ አምስት ሳምንት አለፈ። ለሠርጉ ጉዳይ ሁለቴ ቤታቸው ሄጄ ነበር፤ የሚሉኝን የሚሉት በሚስታቸው በኩል ነው። «ተቀመጪ በያት።» ይቅርታ ልጠይቅ ፈልጌ ቃሉ አልመጣልኝም። ደግሞ የምጠይቀው ለምኑ ነው? ቢደገም እደግመዋለሁ። ዛሬ መኪና ውስጥም ከፊት ተቀምጠው መስኮቱን ብቻ ሲያዩ ነበር።

ጽጌረዳዎቹ ረግፈዋል። አትክልተኞቹ ቁጥቋጦውን እየከረከሙ ነው፤ መቀሱ ከሩቅ ይሰማል። ልጄና ረዥሙ ከፊት፣ ርዕሰ መምህርቷ ሰዓታቸውን እያዩ ከኋላቸው። የድንጋይ በሩን አልፈን ደኑ ውስጥ ስንገባ ፀሐዩ ተቆረጠ። ቆምኩ። እነሱ እያወሩ ሄዱ።

ከኋላዬ ከዘራ ጠጠሩን ሲነካ ሰማሁ። ቆመ።

«ምን ሆኑ?»

ለኔ ነው? ከኔ ሌላ ሰው የለም።

«ምንም አልሆንኩም» ልል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«አይታየኝም» አልኩ። «ከብርሃን ስገባ ለጥቂት ጊዜ እንዲህ ያደርገኛል። ይመለሳል።»

ነፋስ ከላይ ቅጠሉን ሲያንኮሻኩሸው ይሰማኛል። የሚያልፉኝ መስሎኝ መንገድ ለቀቅሁ።

«በየት በኩል ነው የሚብሰው?»

«በግራ።»

ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። በጀርባዬ ዞረው መጡና በግራዬ ቆሙ። አላየኋቸውም፤ የኮታቸው እጅጌ ክንዴን ሲነካኝ ነው ያወቅኩት።

«እኔም ብሆን ፈጥኜ መሄድ አልችልም» አሉ።

መንገዱ መጣልኝ። ተራመድን፤ ቀስ ብለን፣ ብዙም ሳናወራ። ልጄ ከፊት ዞር ብላ አየችን። ትንሽ ቆማ አየችን። ከዚያ መንገዷን ቀጠለች።